ባለ 8 ሻፍት የጠረጴዛ ሽመና ዕቃ መገጣጠም፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ጅማ

ኅዳር፦ ልኬት

የሚሠራው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 8 ሻፍት ያለው፣ 40 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ጨርቅ የሚያወጣ ዕቃ ነው። የሸማኔው የጉድጓድ ዕቃ በሁለት ሻፍት ይሠራል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ለነጠላና ለጋቢ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ትዊል (ጨርቁ ላይ ሰያፍ መስመር የሚያወጣው ሽመና) ግን በሁለት ሻፍት አይወጣም፤ ጅማ ላይ ደግሞ ክረምት የገባበት ጉድጓድ ውስጥ እግር ዘርግቶ መሥራት ጤናም አይሰጥ።

መጠሪያዎቹ እንዳይምታቱ፦ ሄድል ማለት መሐሉ ላይ ዓይን ያለው፣ አንድ የድር ክር የሚያልፍበት ሲባጎ ነው። ሻፍት ሄድሎቹን የሚሸከመው ፍሬም ነው። ሪድ የድሩን ክር በእኩል የሚለያየውና ማጉን የሚመታው የብረት ማበጠሪያ ነው። ቢም ደግሞ ከኋላ ድሩ፣ ከፊት ጨርቁ የሚጠቀለልበት ዘንግ ነው።

የፍሬሙ የውስጥ ስፋት 50 ሳ.ሜ፣ ርዝመቱ 65 ሳ.ሜ፣ ሻፍቶቹ የሚንጠለጠሉበት ማማ ቁመቱ 60 ሳ.ሜ ተደረገ። እነዚህ ቢበዙም ቢያንሱም ችግር የለም። አንገት የሚይዘው ልኬት የሻፍቶቹ መቀራረብ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጨርቁ ካለቀበት መስመር እስከ 1ኛው ሻፍት 22 ሳ.ሜ ነው። ሻፍቶቹ በየ2 ሳ.ሜ ቢደረደሩ 8ኛው 36 ሳ.ሜ ላይ ይወድቃል። መወርወሪያው የሚያልፍበት አፍ ከፊትም ከኋላም ሻፍት እኩል እንዲከፈት 8ኛው ከ1ኛው 1.6 እጥፍ በላይ መነሳት አለበት፤ 1ኛው 5 ሳ.ሜ ሲነሳ 8ኛው 8.2 ሳ.ሜ ማለት ነው። ያን ያህል የተሳበ የጥጥ ድር ይበጠሳል። በየ12.5 ሚ.ሜ ሲደረደሩ 8ኛው 30.75 ሳ.ሜ ላይ ይሆናል፤ የሚፈለገው ከፍታም ወደ 7 ሳ.ሜ ይወርዳል። ስለዚህ 12.5 ሚ.ሜ ተወሰነ፦ 9.5 ሚ.ሜ መሄጃ ቦይ፣ 3 ሚ.ሜ የፕላይውድ መከፋፈያ። ባለ 4 ሻፍት የሚሠራ ሰው በዚህ ራሱን ማድከም የለበትም፤ 2 ሳ.ሜም ይበቃዋል።

ታኅሣሥ፦ እንጨት

ዋንዛ ተመረጠ። ቀላል ነው፣ በመላጊያ ደስ ይላል፣ የጅማ በርጩማ ሠሪዎችም እጃቸው የለመደው ነው። ከእንጨት መሸጫ የሚገኘው ጣውላ ግን ብዙውን ጊዜ ውስጡ አልደረቀም። ሁለት አማራጭ ተሞከረ። አንደኛው እርጥቡን ገዝቶ ጥላ ውስጥ በመደገፊያ መደርደር ነው፤ አንዱን ቁራጭ በየሳምንቱ እየመዘኑ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም መጠበቅ። ሁለተኛው ከፈረሰ ቤት የወጣ የድሮ የበር መቃን መግዛት ነው። መቃኑ አሸነፈ፤ ዓመታት የደረቀ እንጨት ነው፣ 3,500 ብር ከነማጓጓዣው። አደጋው የተቀበረ ምስማር ነው። መላጊያ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ማግኔት እየጎተታችሁ እያንዳንዱን ፊት ፈትሹ፤ አንዲት ራስ አልባ ምስማር የማሽነሪውን ቢላ ከሰበረች የቢላው ዋጋ ከእንጨቱ ይበልጣል።

ለፍሬሙ 25 × 70 ሚ.ሜ፣ ለሻፍቱ የላይና የጎን ዘንግ 9 ሚ.ሜ ውፍረት ተሰነጠቀ። ለሻፍት የሚሆነው ጅማቱ ቀጥ ያለው ብቻ ነው። ቋጠሮ ያለው ቀጭን ዘንግ ቢያምርም ይጎብጣል።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ ፍሬም

በኮላ አልተያያዘም፤ ሁሉም በኤም 8 ብሎን፣ ዳዶና ሰፊ ሮንዴላ። ዕቃው ተፈትቶ ባጃጅ ላይ መጫን አለበት። ስኳድራ ማዕዘኑን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ መጣመሙን የሚናገረው ሰያፉ ነው። 50 በ65 ለሆነ ፍሬም ሁለቱም ሰያፍ 82 ሳ.ሜ መምጣት አለባቸው። የ4 ሚ.ሜ ልዩነት እዚህ ላይ ካለፈ ጨርቁ በአንድ በኩል እየላላ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ድሩ ላይ ይፈልጋል።

ከእግሮቹ ሥር የካላማዳሪያ ቁራጭ ተለጠፈ። ያለሱ በእያንዳንዱ ምት ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ወደ ሠሪው ይጓዛል።

ጥር፦ ቢምና ጥርስ

ቢሙ ከእንጨት ሳይሆን ባለ 1½ ኢንች የውሃ ቱቦ ሆነ፤ የውጭ ዲያሜትሩ 48 ሚ.ሜ ነው። ቱቦ በዝናብ አይጎብጥም። መቆለፊያው ያገለገለ የሞተር ሳይክል የኋላ ጥርስ ነው፤ ባለ 40 ጥርስ፣ አንዱ በ250 ብር። የቱቦው ዙሪያ 15 ሳ.ሜ ያህል ስለሆነ አንድ ጥርስ ሲያልፍ ድሩ 3.8 ሚ.ሜ ይንቀሳቀሳል። ከፊተኛው ባለ 14 ጥርስ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በእሱ አንድ እርምጃ 11 ሚ.ሜ ያህል ይሆናል፤ ድሩ ወይ ይላላል ወይ ይከራል፣ መካከለኛ የለም።

ያረጀ ጥርስ ከአዲሱ ይሻላል። ካቴና የበላው ጥርስ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ መንጠቆ ይሠራል። መያዣው ምላስ በዚያ መንጠቆ በኩል እንዲገባ አዙራችሁ ግጠሙት፤ በተቃራኒው ከተገጠመ ድሩ ሲጠብቅ ምላሱ እየተንሸራተተ ይዘላል።

ብየዳው ላይ ሁለት ነገር። ቱቦው ዚንክ የተለበጠ ነው፤ የሚበየድበት ቦታ እስከ ጥቁሩ ብረት ካልተፈገፈገ ጭሱ መርዝ ነው፣ ብየዳውም አይዝም። የጥርሱ መሐል ቀዳዳ ከቱቦው ሰፊ ስለሆነ ከ4 ሚ.ሜ ላሜራ ዲስክ ተቆርጦ በመሐል ገባ። በአንድ ጎን ሙሉ በሙሉ ከተበየደ በሙቀቱ ይጣመማል፤ መጀመሪያ ፊት ለፊት በአራት ነጥብ ብቻ ማስያዝ፣ ቱቦውን አሽከርክሮ ማየት፣ ከዚያ መጨረስ። ለሁለቱም ቢም የብየዳ ዋጋ 800 ብር።

ቱቦው የሚዞርበት የእንጨት ቀዳዳ በሻማ ሰም ተለቀለቀ። ኩሽኔታ አያስፈልግም። የኋላውን ምላስ ከፊት ተቀምጦ ለማላቀቅ ሲባጎ በጎን ተስቦ መጣ፤ ይህ ካልተደረገ ጨርቅ በተጠቀለለ ቁጥር ተነስቶ መዞር ነው።

ጥር መጨረሻ፦ ሻፍትና ሄድል

የሻፍቱ የታች ዘንግ 20 × 3 ሚ.ሜ ፍላት ብረት ነው። ርዝመቱ 44 ሳ.ሜ፣ ክብደቱ 207 ግራም። ሻፍቱ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ይህ ብረት ለጌጥ አይደለም። ሒሳቡ፦ ሻፍቱ ሲያርፍ የሄድሉ ዓይን ከፊትና ከኋላ ቢም መስመር 2 ሳ.ሜ ዝቅ ይላል። አንድ ሻፍት 60 ክር ቢይዝ፣ እያንዳንዱ በ30 ግራም ቢወጠር፣ ድሩ ሻፍቱን ወደ ላይ የሚገፋው በ220 ግራም ገደማ ነው። ሙሉው ሻፍት 330 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ይወርዳል። የታቹም እንጨት ቢሆን ኖሮ ከድሩ ጋር ተንሳፍፎ ይቀር ነበር። የብረቱ ጠርዝ በሞረድ ካልተለሰለሰና ቨርኒሽ ካልተቀባ ሄድሉን ይቆርጣል፣ ዝገቱም ወደ ነጭ ድር ይሄዳል።

ሄድል የሚፈለገው ስንት ነው? 480 የድር ክር በቀጥታ ድርደራ ከ1 እስከ 8 ሲገባ ለአንድ ሻፍት 60 ይደርሰዋል። ወደፊትና ወደኋላ በሚመለሰው ድርደራ ግን አንድ ዙር 14 ክር ነው፤ 1ኛውና 8ኛው አንዳንድ፣ የተቀሩት ሁለት ሁለት ይወስዳሉ። ስለዚህ ዳርና ዳር ያሉት 35 አካባቢ፣ የመሐሎቹ 69 አካባቢ ይፈልጋሉ። በየሻፍቱ 80 ተሠራ፣ ድምሩ 640።

መሥሪያው ጣውላ ላይ የተተከሉ አራት ዘንጎች ናቸው፦ ላይ፣ የዓይኑ ራስ፣ የዓይኑ ግርጌ፣ ታች። ከላይ እስከ ታች 24 ሳ.ሜ፣ ዓይኑ 12 ሚ.ሜ። ሲባጎው ላይኛው ላይ ይታጠፍና ከዓይኑ በላይ አንድ ቋጠሮ፣ ከዓይኑ በታች አንድ፣ ታችኛውን ዞሮ አንድ። አንዱ ሄድል 65 ሳ.ሜ ይበላል፤ ለ640 ሄድል 416 ሜትር፣ ከብክነቱ ጋር 450 ሜትር።

ዘንጎቹ ምስማር ከሆኑ ሥራው እየገፋ ሲሄድ ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ፤ የኋለኞቹ ሄድሎች ከፊተኞቹ 3 ሚ.ሜ ያህል ያጥራሉ። ዓይን አይለየውም። አፉ ሲከፈት ግን አንዳንዱ ክር ከጓደኞቹ ከፍ ብሎ ይቆምና መወርወሪያው ይመታዋል። በምስማሮቹ ምትክ 6 ሚ.ሜ ብሎን ተተከለ፣ አጫጭሮቹ ተጣሉ። የመፈተኛው መንገድ ቀላል ነው፦ 20 ሄድል አንድ ብረት ላይ አንጠልጥሎ ቀጥ ያለ ሽቦ በሁሉም ዓይን ማሳለፍ። ሽቦው ከተነሳ ወይም ከወረደ የተበላሸው ራሱን ያሳያል።

የኪሮሽ ጥጥ ርካሽ ነው፣ ቋጠሮውም አይንሸራተትም፤ ርጥበት ሲመጣ ግን ርዝመቱ ይለዋወጣል። ስስ ፖሊስተር የጫማ ሰፊ ክር ተመረጠ። የእሱ ቋጠሮ ይላላል፤ ጫፉን በላይተር ማቅለጥ ያስፈልጋል። የቀለጠው እንክብል ጎረቤቱን እንዳይዝ ጫፉ ታችኛው ቋጠሮ ላይ ብቻ ይሁን፣ ዓይኑ አጠገብ በፍጹም።

የካቲት፦ ፑሌጃ፣ ገመድ፣ ማንሻ

ሥራው የተወሳሰበው እዚህ ነው፤ እንጨቱን የቻለ ሁሉ ይህን ይችላል ማለት አይደለም።

እያንዳንዱ ሻፍት ከግራና ከቀኝ ጫፉ ሁለት ገመድ አለው። ሁለቱም ወደ ላይ ወጥተው ማማው ራስ ላይ ባለ ፑሌጃ ዞረው ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ አንድ ቀለበት ላይ ይገናኙና ከዚያ ወደ ማንሻው። ፑሌጃው 608 ኩሽኔታ ነው፤ ውስጡ 8 ሚ.ሜ፣ ውጪው 22፣ ውፍረቱ 7። በአንዱ ጎን 8፣ በሌላው 8፣ ድምር 16፤ አንዱ በ80 ብር ተገዝቷል። በ8 ሚ.ሜ ፌሮ ላይ ለመደርደር መሞከር አያዋጣም፣ ፌሮ ጉርብጥብጥ ነው፤ ልሙጥ ዘንግ ይሻላል።

ኩሽኔታ ቦይ ስለሌለው ገመዱ ይወርዳል። በመካከል ትልቅ ሮንዴላ ይገባል፤ ሆኖም ትልቁ ሮንዴላ የኩሽኔታውን የውጭ ቀለበት ከነካ አይዞርም። ስለዚህ በግራና በቀኙ የውስጡ ቀለበት ላይ ብቻ የሚያርፍ 1 ሚ.ሜ ትንሽ ሮንዴላ ያስፈልጋል። ድምሩ፦ 7 + 1 + 1.5 + 1 = 10.5። የቀረውን 2 ሚ.ሜ ሌላ ትንሽ ሮንዴላ ሞላው፤ ከሻፍቶቹ 12.5 ጋር ተገጣጠመ።

ለገመድ መጀመሪያ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ታስቦ ነበር፤ አይለጠጥም። ነገር ግን በ22 ሚ.ሜ ኩሽኔታ ላይ ሲታጠፍ ግትር ይላል። 330 ግራም ቀጥ ሊያደርገው ስለማይችል ሻፍቱ ሲወርድ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሚሊሜትሮች ሳይጨርስ ይቆማል፤ ቆይቶም ሽቦው ጭራ ጭራ ያወጣል። ናይለን ውሃ ይጠጣል፣ ይለጠጣል። የቀረው የተጠለፈ 2 ሚ.ሜ ፖሊስተር ገመድ ነው። ከመቆረጡ በፊት 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ተንጠልጥሎበት አደረ፤ ይህ ካልተደረገ በሳምንቱ ስምንቱም ሻፍት በየፊናው ይወርዳል።

ማንሻዎቹ በቀኝ ጎን ይሰቀላሉ፤ ማዕከላቸው ላይ፣ መያዣቸው ታች፣ ገመዱ መካከል። እጅ መያዣውን ወደ ውጭ ሲስብ ገመዱም አብሮ ይወጣል። ማንሻው ከቀጥታው 60 ዲግሪ ሲወጣ ገመዱ የሚሳበው ከማዕከሉ እስከ ማሰሪያው ካለው ርቀት 87 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 1ኛውን ሻፍት 5 ሳ.ሜ ለማንሳት ማሰሪያው ከማዕከሉ 5.8 ሳ.ሜ፣ 8ኛውን 7 ሳ.ሜ ለማንሳት 8.1 ሳ.ሜ ላይ ይበሳል፤ በመካከል ያሉት በየ3.3 ሚ.ሜ እየወረዱ ይሄዳሉ። ስምንቱን ማንሻ አንድ ላይ በሞርሳ አስሮ አንድ ሰያፍ መስመር ማስመር በቂ ነው።

የተነሳው ማንሻ እንዳይመለስ መሄጃው ጫፍ ላይ እንደ መኪና ማርሽ ወደ ጎን የሚገባበት እርከን ተቆረጠለት። እርከኑ 6 ሚ.ሜ ሲሆን በምቱ ንዝረት ይወጣል፤ 10 ሚ.ሜ ሲሆን ይይዛል።

የገመድ ማስተካከያው ማንሻው ላይ ያለ ባለ ቀለበት ኤም 4 ብሎን ነው፣ በሁለት ዳዶ የሚቆለፍ። 20 ሚ.ሜ ይሰጣል። ይህ ግን ሁለቱን ገመድ አብሮ ነው የሚያሳጥረው። የግራና የቀኝ እኩልነት የሚስተካከለው ቀለበቱ ላይ ባለው ተንሸራታች ቋጠሮ ነው፤ ውሃ ልክ በሻፍቱ የላይ ዘንግ ላይ አስቀምጦ፣ መጀመሪያ ወርዶ፣ ከዚያ ተነስቶ ማየት። አንዱ ጫፍ 3 ሚ.ሜ ከቀደመ ሻፍቱ ቦዩ ውስጥ ይነክሳል።

የካቲት መጨረሻ፦ መምቻና ሪድ

ሪዱ ከአዲስ አበባ መጣ፣ 2,600 ብር፤ ከእንጨቱ ቀጥሎ በነጠላ ውዱ ዕቃ እሱ ነው። ሻጭ የሚጠራው ቁጥር ብዙ ጊዜ በምን ልኬት እንደሆነ አይገለጽም። ማስመሪያ ይዛችሁ በ10 ሳ.ሜ ውስጥ ያለውን ጥርስ ራሳችሁ ቁጠሩ፤ ይህኛው 60 ነው። በየጥርሱ ሁለት ክር ሲገባ በሳንቲሜትር 12 ይሰጣል።

ሪዱን የሚይዘው መምቻ ከማማው የተንጠለጠለ ነው። ግራና ቀኙ ከፊተኛው ቢም እኩል መራቅ አለበት። ወደ ኋላ ሲገፋ 1ኛውን ሻፍት እንዳይነካ 2 ሳ.ሜ ቀርቶታል።

መጋቢት፦ ድር መጫን

የክሩን ውፍረት የሚነግረው መለያ ወረቀቱ ሳይሆን ማስመሪያው ነው። ክሩን ማስመሪያ ላይ 2 ሳ.ሜ ያህል ሳትወጥሩ አጠጋግታችሁ ጠቅልሉ። 36 ዙር ወጣ፤ በሳንቲሜትር 18 ማለት ነው። ለልሙጥ ሽመና ግማሹ፣ 9 ክር፤ ለትዊል ሁለት ሦስተኛው፣ 12 ክር። ሪዱ የተመረጠው በዚህ ነው።

ድሩ 480 ክር በ3 ሜትር፣ 1,440 ሜትር። 10/2 ጥጥ (ሁለት ባለ 10 ቁጥር ክር አንድ ላይ የተገመደበት) በኪሎ 8,400 ሜትር ያህል ስለሚሄድ 170 ግራም ያህል ይበላል። ከ3 ሜትሩ 65 ሳ.ሜ ከኋላና ከፊት ማሰሪያ ይቀራል፣ አይሸመንም። የቀረው ሲታጠብና ሲጨማተር 2.1 ሜትር ገደማ ይሆናል።

በእጅ የተፈተለ ፈትል ለዚህ ድር አይሆንም። ለማግ ግሩም ነው፣ ለስላሳ ጨርቅ ይሰጣል። ለድር ሲሆን ግን 8 ረድፍ ሄድል ውስጥ እየተፋተገ ይቦጫጨቃል፣ ጎረቤቱን ይይዛል፤ አፉ አይከፈትም። ሸማኔውም ቢሆን ዛሬ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከፈትል የሚያደርገው በከንቱ አይደለም።

ቢም ላይ ሲጠቀለል በየዙሩ ወፍራም ወረቀት ይገባል። ያለ ወረቀት የላይኛው ዙር በታችኛው መካከል ይሰምጥና የክሮቹ ርዝመት ይለያያል፤ ጨርቁ ግማሽ ሜትር ሲደርስ መሐሉ መላላት ይጀምራል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተሞክሮ ተትቷል፤ ቢራገፍም አቧራው አያልቅም።

ሄድል ውስጥ ማስገባት 8 በ8 እየተቋጠረ ይሄዳል። በየቋጠሮው ማንሻዎቹን አንድ በአንድ ማንሳትና የተነሳው ክር አንድ ብቻ መሆኑን ማየት ይሻላል። ስህተት 480ኛው ክር ላይ ሲገኝ መፍታት ነው፣ 8ኛው ላይ ሲገኝ ግን ምንም አይደለም። ያልተሞሉት ሄድሎች ለሁለቱም ጫፍ እኩል ይከፈሉ፤ በአንድ ወገን ከተከማቹ ሻፍቱ ያዘነብላል።

የመጀመሪያው ፍተሻ ልሙጥ ነው፦ 1-3-5-7፣ ከዚያ 2-4-6-8። ቀጥሎ ትዊል፦ 1-2-5-6፣ 2-3-6-7፣ 3-4-7-8፣ 1-4-5-8። ልሙጡ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ትዊሉ ላይ ግን ዳርና ዳር ያሉት ክሮች ማጉ ሳይዛቸው ያልፋል። መፍትሔው በእያንዳንዱ ዳር በሄድል ዓይን የማያልፍ፣ በሪዱ ብቻ የሚያልፍ አንድ ተጨማሪ ክር ነው። መወርወሪያው ሲገባ ከላዩ፣ ሲወጣ ከታቹ። የራሱ ክብደት ከኋላ ይንጠልጠልለት፤ ወፍራም ዳዶ ይበቃዋል።

ሚያዝያ፦ ዝናብ

4ኛ፣ 5ኛና 7ኛ ሻፍት ተነስተው መውረድ እምቢ አሉ። በበጋ የተገጠመው 9 ሚ.ሜ ዘንግ በ9.5 ሚ.ሜ ቦይ ነው፤ ክፍተቱ ግማሽ ሚሊሜትር። የዋንዛው ውፍረት ራሱ ያበጠው እዚህ ግባ አይባልም፤ የፕላይውዱ መከፋፈያ ግን በሁለቱም ወገን ያብጣል፣ ረጅሙ ዘንግም ትንሽ ይጎብጣል። ሲደማመር ግማሽ ሚሊሜትሩ ያልቃል። ቦዩ አልተነካም። የሻፍቱ የጎን ዘንጎች ወደ 8 ሚ.ሜ ተላጉ፣ ጠርዛቸው ተከረከመ፣ ቨርኒሽ በሁለቱም ፊት ተቀባ፣ ሰም ታሸ። አንዱን ፊት ብቻ መቀባት የባሰ ነው፤ ያልተቀባው ወገን ርጥበት ስቦ ዘንጉን ያጎብጠዋል። 1.5 ሚ.ሜ ክፍተት ለጅማ ትክክለኛው ነው፣ ሻፍቱ ቢወዛወዝም ጉዳት የለውም።

ሪዱ ላይ ቡናማ ነጥብ ታየ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በጥርሶቹ አቅጣጫ ተጠርጎ፣ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ጠብታ በጨርቅ ተቀብቶ፣ እንደገና በደረቅ ጨርቅ ተጠረገ። ከዚያ ወዲያ ያገለገለ ድር 10 ሳ.ሜ ይሸመንበታል፤ የቀረው ዘይት በዚያ ይወጣል። ሥራ በማይኖርበት ጊዜ ሪዱ ከመምቻው ወጥቶ ወረቀት ተጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ደረቅ ቦታ ይቀመጣል።

ግንቦት፦ ሁለተኛው ድር

ወደፊትና ወደኋላ የሚመለሰው ድርደራ ተጫነ። ከግማሽ በላይ ሻፍት በአንድ ጊዜ ማንሳት የሚጠይቅ ስልት ዕቃውን ያስነሳዋል፤ ጨርቁን ገልብጦ መሸመን፣ ማለትም የሚነሱትን ሳይሆን የሚቀሩትን ማንሳት፣ ክንድን ያሳርፋል። ለዚህ የሚሆን የማንሻ ቅደም ተከተል ማማው ላይ በካርቶን ተለጥፏል፣ በልብስ መቆንጠጫ እየተያዘ አንድ መስመር ወደ ታች የሚወርድ።

የሚቀረው በ10 ሳ.ሜ 50 ጥርስ ያለው ሁለተኛ ሪድ ነው፤ በየጥርሱ ሁለት ክር ሲገባ በሳንቲሜትር 10 ይሆናል፤ ወፍራም የፈትል ማግ የሚፈልገው ላላ ያለ ድር በዚህ ይወጣል። የኋላ ቢሙ ምላስ ስፕሪንግም ደክሟል፤ ከአሮጌ የብስክሌት መቆሚያ የወጣ ስለሆነ ከመጀመሪያውም ጠንካራ አልነበረም። በአዲስ እስኪተካ ድረስ የካላማዳሪያ ቁራጭ ተወጥሮ ይዞታል።